ፋይሉን ለማንም አምኖ የማይሰጠው ተሾመ

ፋይሉን ለማንኛውም የጽሑፍ ፕሮግራም አምኖ የማይሰጥ ሰው አጋጥሟችሁ ያውቃል? እኔ አንድ አለኝ፤ ደብረ ብርሃን አብሮኝ የሚያስተምረው ተሾመ። አንኮበር ያሉት አጎቱ የነገሩትን የቤተሰብ ታሪክ በኮምፒውተር እየጻፈ ነበር። እየጻፈ ነበር ልበል እንጂ፣ ጊዜው የሚያልቀው ፕሮግራም በመምረጥ ነው። አንዱ «ሳልጠይቀው ያርመኛል» ተብሎ ተባረረ፤ ሌላው «ኢንተርኔት ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል» ተብሎ። ሚስት ሲመርጥ እንኳ እንዲህ አልተጨነቀም።

አንድ ቀን ጠራኝና «ታማኙን አገኘሁት!» አለኝ። ፋይሉን በአዲሱ ፕሮግራም ከፍቶ ሴቭ አደረገው፤ ዘግቶም እንደገና ከፈተው። ለካ ፕሮግራሙ አማርኛ አያውቅም! የቅድመ አያቶቹ ስም ሁሉ የጥያቄ ምልክት ሆኖ ተደርድሯል።

«ሌላ ቅጂ የለህም?» አልኩት።

«ታማኝ ካገኘሁ በኋላ ቅጂ ምን ያደርግልኛል ብዬ አጠፋሁት» አለኝ፤ ፊቱ አመድ መስሏል።

ታሪኩን እንደገና ለመስማት ቅዳሜ አንኮበር አብሬው ሄድኩ። አጎቱ ጉዱን ሰምተው ከት ብለው ሳቁ።

«እሰይ፣ እንኳን ጠፋ! ያን ጊዜ እኮ አክስትህ አጠገባችን ስለነበረች እሷን ፈርቼ ብዙውን ፈጥሬ ነው የነገርኩህ። በል፣ አሁን እውነቱን ጻፍ።»