ሦስት መቶ ስልሳ ጠጠር

ተረት ልነግራችሁ ነው። «የላም በረት» ብላችሁ አትመልሱልኝ፤ በዚህ ተረት ውስጥ ላምም በረትም የለም። ያለው ድንጋይ ነው። ድንጋይ ሲወረውሩት እንጂ ሲያስቡበት ያየ ጥቂት ስለሆነ ቀረብ በሉና ስሙኝ።

በድሮ ዘመን፣ አንበሳ በነገሠበት አንድ ዱር አፋፍ ላይ፣ አናቱ ለጥ ያለ ትልቅ ቋጥኝ ነበር። በቋጥኙ ስንጥቅ ውስጥ አንዲት ሽኮኮ ከነልጆቿ ትኖር ነበር። ሽኮኮ ጥርሷም ጥፍሯም ለጠብ የማይሆን ፍጥረት ናት። ያላት ቋጥኟ ብቻ ነው። ቋጥኝ የሌላት ሽኮኮ የጅብ ቁርስ ናት፤ ይህን እሷም ታውቃለች፣ ጅብም ያውቃል።

አንድ ዓመት ከፀሐይ መውጫ አገር የመጣ ሽመላ ክንፉ ተሰብሮ ቋጥኙ ላይ ወደቀ። ሽኮኮዋ ሣር አንጥፋ፣ ፌንጣ ለቅማ አስታመመችው። ሽመላው ውለታ የሚከብደው ወፍ ነበርና ዝም ብሎ መጦር አልሆነለትም። ባልጩት በመንቁሩ ይዞ በቋጥኙ አናት ላይ አሥራ ዘጠኝ መስመር በቁመት፣ አሥራ ዘጠኝ በአግድም ጫረ። ከዚያ ከወንዝ ጥቁር ጠጠር፣ ከገደሉ ሥር ነጭ ጠጠር አስለቀማት።

«ጉድጓዱስ የታል?» አለች ሽኮኮ፣ ገበጣ መስሏት።

«ጉድጓድ የለውም። ጎ ይባላል» አለ ሽመላው። «መስመሮቹ በሚገናኙበት ላይ እኔ አንድ ጠጠር አኖራለሁ፣ አንቺ አንድ ታኖሪያለሽ። የተቀመጠ ጠጠር ቦታውን አይለቅም። እንዲህ እያልን ባዶውን መሬት እናጥራለን፤ በመጨረሻ ብዙ ያጠረ ያሸንፋል።»

«ይሄማ ጨዋታ አይደለም፣ የድንበር ክርክር ነው!»

«ነው፤ ግን ደም አይፈስበትም» አለ ሽመላው። «አንድ ነገር ብቻ እንዳትረሺ። ጠጠር ይተነፍሳል። አጠገቡ አንድ ባዶ ቦታ እስካለው ድረስ ሕያው ነው። ጎን ለጎን የተያያዙ ጠጠሮች ደግሞ ያላቸው አንድ ሳንባ ነው። አንዱ መተንፈሻ ካገኘ ሁሉም ይተርፋሉ፤ ሁሉም ካጡ ግን መቶም ቢሆኑ አብረው ይነሳሉ። የደፈናቸው ጠጠር ራሱ መተንፈሻ ባይኖረውም እንኳ መጀመሪያ የሚነሱት እነሱ ናቸው።»

ሽኮኮ አርባ ጊዜ ተሸነፈች። ሽመላው ግን አላሾፈባትም፤ ገና ሳይጀምሩ ዘጠኝ ጠጠር አስቀመጠላት። «በእኛ አገር ብርቱው ለደካማው አስቀድሞ ጠጠር ይሰጠዋል። ከዚያ በኋላ ጨዋታውን የሚጀምረው ሰጪው ነው። ደካማው እየበረታ ሲሄድ ስጦታው ይቀነስበታል» አላት። በሳምንቱ ዘጠኙ ሰባት ሆነ፣ በወሩ አራት። አንድ ቀን ሽመላው ምንም ሳይሰጣት ተቀመጠና «እንግዲህ እኩያዬ ነሽ» አላት። ሽኮኮ ያን ቀን ሣር መጋጥ እስኪያስጠላት ድረስ ደስ አላት። ከተወለደች ጀምሮ እኩያዬ ያላት አልነበረማ።

ክንፉ ሲድንለት ሽመላው በረረ፤ ጨዋታው ግን ቀረ። ሽኮኮ ለጎረቤቷ ለኤሊ አስተማረቻት። ኤሊ አንዲት ጠጠር ለማኖር ከጠዋት እስከ ቀትር ታስባለች። ሽኮኮ በዚያ መሃል ወርዳ ትግጣለች፣ ልጆቿን ታጠባለች፣ ተመልሳ ስትመጣ የኤሊ እግር ገና አየር ላይ ነው። ግን ያቺ ጠጠር ስታርፍ ሽኮኮ ያሰበችው ሁሉ ይፈርሳል። «እትዬ ኤሊ፣ ጉድ አደረግሽኝ!» ትላለች፤ ሁለቱም ሆዳቸውን እስኪያማቸው ይስቃሉ። አንድ ቀን አንዷ፣ ሌላ ቀን ሌላዋ ታሸንፋለች። አይጥም፣ ድኩላም፣ ጃርትም እየመጡ ተማሩ። ሳቁ እያደር ዱሩን ሞላው።

ሳቁ ከአንበሳ ጆሮ ደረሰ። ንጉሥ ያልተጠራበት ሳቅ ደግሞ ሁልጊዜ በንጉሥ ላይ የተሳቀ ይመስላል። አንበሳ አጋፋሪውን ዝንጀሮ አስከትሎ ቋጥኙ ላይ ወጣ። ይህ ዝንጀሮ ጃንሆይ ሲያስነጥሱ «ነጎድጓድ ነው» ብሎ የሚያውጅ ነበር።

«እኔንም አስተምሪኝ» አለ አንበሳ።

ሽኮኮ አስተማረችው። እስትንፋስ ያጣ ጠጠር ይነሳል የሚለውን ሕግ ሲሰማ ጎፈሩ ቆመ። ከጨዋታው ሁሉ የወደደው እሱን ብቻ ነበር። ለመጫወት ሲቀመጡ ግን ሽኮኮን ላብ አጠመቃት። ብታሸንፈው ይበላታል። እንዲሁ ብትሸነፍለት አለማወቁ ለሁሉ ይታያል፤ ያኔም ይበላታል። የሽመላው ልማድ ትዝ አላትና «ጃንሆይ፣ ልማዱ እንዲህ ነው፤ ብርቱው ለ...» ብላ ጀመረች። አንበሳው አዛጋ። የክራንቻ ጥርሱን አየች።

«ብርቱው ለማን?» አለ ዝንጀሮ።

«ለ... ለጃንሆይ አስቀድሞ ዘጠኝ ጠጠር ይቀመጣል ለማለት ነው።»

ዝንጀሮ ዘሎ ቆመ። «ስሙ! ሽኮኮ ለጃንሆይ ዘጠኝ ጠጠር ገበረች!»

ሽኮኮ ዝም አለች። ዝምታ ወርቅ ነው ይላሉ፤ ያን ቀን አንገቷን አተረፈላት። ጨዋታውን በሁለት ነጥብ ተሸነፈች። በሁለት ነጥብ መሸነፍ ከማሸነፍ ይከብዳል፤ ያልሞከረው አያውቀውም። ጠጠሯ በተከበበ ቁጥር አንበሳው «እስትንፋሱ ቆመ! ይነሳ!» እያለ ያገሳል። ገደሉ ያስተጋባል።

በማግስቱ ነብር መጣ። «እኔስ? ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል፤ የእኔ ግብር የታል?» አለ። ሸንጎ ተጠራ፣ ሕግ ወጣ። የበታች ሁሉ ለበላዩ ጠጠር ይገብር ተባለ። ለአንበሳ ዘጠኝ፣ ለነብር ስምንት፣ ለአያ ጅቦ ሰባት፤ እንዲህ እየወረደ አይጥ ዘንድ ደረሰ። አይጥ ለሁሉም ትሰጣለች፣ ከማንም አትቀበልም።

እዚህ ላይ ሳቄን ይዤ የምነግራችሁ ነገር አለ። ጠጠር የሚሰጥ አውሬ ከባዶ ተነስቶ መታገል ስላለበት በየቀኑ ያስባል። ጠጠር የሚቀበል ምን ቆርጦት ያስባል? ዓመት ሳይሞላ በዚያ ዱር አይጥን የሚያህል ጎ አዋቂ ጠፋ። ነብር ግን ጠጠሩን ከመስመር መሃል እያኖረ «ይሄም አዲስ ስልት ነው» ይል ጀመር። ታናናሾቹ በሆዳቸው ያሸንፉና በእጃቸው ይሸነፋሉ። መሸነፍ ራሱን የቻለ ሙያ ሆነ፤ አይጥ ልጆቿን መጀመሪያ የምታስተምራቸው እሱን ነበር።

ሽኮኮን የጎዳት ግን ሌላ ነው። ሸንጎው ኤሊን ስለ ዕድሜዋ ባላምባራስ ብሎ ሾማትና ከሽኮኮ ሦስት ጠጠር እንድትቀበል አዘዘ። ኤሊ መጀመሪያ አንገቷን ወደ ውስጥ ሳበች። «እኔና አንቺ መሃል ይሄ ምን ይሉታል?» አለች። በሳምንቱ «ሕግ ነው እንግዲህ» አለች። በወሩ ሽኮኮ ሳትነግራት ሦስቱን ራሷ አኑራ ትጠብቅ ጀመር። ማሰቧንም ትታ ቶሎ ቶሎ ታኖር ነበር። ኤሊ ስትፈጥን ያየ ማን አለ? ሽኮኮ አየች፤ አንጀቷም አረረ። ከዚያ ወዲያ ቋጥኙ ላይ ሳቅ አልተሰማም።

ግብር ደግሞ አንዴ ከተጀመረ አይቆምም። ነብር ልጅ ስለወለደ ዘጠኝ ሆነለት፤ ንጉሥና ነብር እኩል ሊሆኑ ነው ተባለና የአንበሳው ሃያ ሆነ። አያ ጅቦ አሥራ ዘጠኝ ካልሆነልኝ ብሎ አኮረፈ፤ የአንበሳው ሃምሳ ሆነ። ሃምሳው መቶ፣ መቶው ሁለት መቶ ሆነ። «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» ተብሏልና የጠየቀ የለም።

በመጨረሻ ዝንጀሮ ለንጉሡ አንድ ነገር ሹክ አለ። «ጃንሆይ፣ ግብርዎ የሚቀመጥበት ቋጥኝ በሽኮኮ እጅ መሆኑ ነውር ነው። በዘውድ በዓልዎ ቀን ለቅቃ ትውጣና ቤተ መንግሥት ይሁን።»

ትእዛዙ ወጣ። አያ ጅቦ ከንፈሩን እየላሰ «አይዞሽ ሽኮኮ፣ ሜዳው ሰፊ ነው። ልጆችሽንም ይዘሽ እኛ ሰፈር ነይ» አላት።

ሽኮኮ ሮጣ ከንጉሡ እግር ወደቀች። «ጃንሆይ፣ በጨዋታ ይሁንልኝ። ካሸነፉኝ ከነልጆቼ እወጣለሁ። ከተሸነፉ... አይበለውና ከተሸነፉ ቋጥኙ ለእኔ ይቅር።»

አንበሳ ሆዱን ይዞ ሳቀ። ከተማረ ጀምሮ አንድም ቀን ተሸንፎ አያውቅም፤ ምን ያስፈራዋል? «በስንት ጠጠር?» ብሎ አጋፋሪውን ጠየቀ።

«በዓል አይደለም እንዴ! ሞልቶ ይሁን እንጂ!» አለ ዝንጀሮ። «ሦስት መቶ ስልሳ አንድ ቦታ ነው፤ ሦስት መቶ ስልሳ አንዱም ጥቁር ይሁን!»

ሽኮኮ ቀና አለች። ስትናገር ድምጿ ቀጥኖ ነበር። «ሁሉን ከሞሉት ጨዋታ መሆኑ ቀርቶ ንጣፍ ይሆናል፣ ጃንሆይ። እኔ የምጀምርባት አንዲት ቦታ ይተዉልኝ።»

«ተዉላት» አለ አንበሳ፣ በገዛ ደግነቱ ልቡ ተነክቶ። «ንጉሥ አንድ ቦታ አይሰስትም።»

ሽኮኮ እጅ ነሥታ ወጣች። መንገዱን ሁሉ ሽመላው ስለ ሳንባ የነገራትን ታስብ ነበር።

የበዓሉ ቀን ጦጣዎች ከንጋት ጀምረው ጠጠር ሲያመላልሱ አረፈዱ። ቋጥኙ እንደ ከሰል ማክሰያ ጠቆረ። ዝንጀሮ ለሽኮኮ ከሁሉ የማትረባውን፣ የጥግ ጥጓን ቦታ ባዶ ተወላት። አውሬው ሁሉ ተሰብስቧል። አያ ጅቦ ከሽኮኮ ልጆች አጠገብ ቆሞ በዓይኑ ይመርጣል።

ሽኮኮ አንዲት ነጭ ጠጠር አነሳች። ወደ ጥጉ ሄዳ አኖረቻት።

«ጨረስሽ?» አለ አንበሳ እያዛጋ።

«ጨረስኩ፣ ጃንሆይ። አሁን ለጠጠሮችዎ መተንፈሻ ይፈልጉላቸው።»

አንበሳው ጎንበስ ብሎ ፈለገ። በጥፍሩ መስመር ለመስመር ሄደ። ከጫፍ እስከ ጫፍ ጥቁር ከጥቁር ተጣብቋል። ሁሉም አንድ ሳንባ ናቸው፤ ለሳንባው ቀርታ የነበረችው አንዲት ቀዳዳ ደግሞ አሁን ነጭ ሆናለች። አፍ ሲያመልጥና ራስ ሲመለጥ አይታወቅም። ስንት ዓመት የለመደው ነገር ነውና አንበሳ የማን ጠጠር መሆኑን ሳያስብ ደረቱን ነፍቶ አገሳ።

«እስትንፋሱ ቆመ! ይነሳ!»

የንጉሥ ቃል ነውና ጦጣዎቹ ማንሳት ጀመሩ። ሲያነሱ፣ ሲያነሱ ቀትር ሆነ። ሦስት መቶ ስልሳው ሲያልቅ በዚያ ሰፊ ቋጥኝ ላይ የቀረችው በጥግ ያለችው አንዲት ነጭ ጠጠር ብቻ ነበረች። ከአይጦች መሃል አንዷ ሳቋን ስትውጥ ስቅታ ያዛት።

አንበሳ ወደ ዝንጀሮ ዞረ። ሞልቶ ይሁን ያለው ዝንጀሮ ነው። ዝንጀሮ ግራ ቀኙን አየ፣ ከዚያ ሁለት እጁን ወደ ሰማይ አነሳ።

«እልል በሉ! ጃንሆይ ለሽኮኮ ሦስት መቶ ስልሳ ጠጠር ሸለሙ! እንዲህ ያለ ቸር ንጉሥ ከአያት ከቅድመ አያት አልታየም! በዚያ ላይ ቋጥኙን መረቁላት!»

እልልታው ቀለጠ። ቁርሱ ያመለጠው አያ ጅቦ ከሁሉ አብልጦ እልል አለ። የአንበሳ ፊት ቀስ በቀስ ፈካ። «አዎ» አለ። «ሰጥቻታለሁ። እኔ መቼ ሰስቼ አውቃለሁ?»

«እጅ ንሺ እንጂ፣ አንቺ!» አለ ዝንጀሮ።

እውነቱ ሽኮኮ ምላስ ጫፍ ላይ ደረሰ። ብርቱው ለደካማው ይሰጣል የሚለው የሽመላው ልማድ ነበር። በአዋጁ መሠረት ግን ጠጠር የሚሰጠው የበታች ነው፤ ሰጪው ደግሞ አሁን አንበሳ ሆኖ አረፈው። ወደ ስንጥቁ እየተንጫጩ የሚመለሱትን ልጆቿን አየች። ቃሉን ለሁለተኛ ጊዜ ዋጠችው። በገዛ ቋጥኟ ላይ ጎንበስ ብላ፣ የገዛ ቋጥኟን ስለ ሰጧት ንጉሡን አመሰገነች። ግንባሯ ድንጋዩን ሲነካ ተቃጠለች።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ሁሉም ሄደው ነበር። ያኔ ኤሊ ደረሰች፤ ጨዋታውን ለማየት ጠዋት ነው የተነሳችው።

«አለቀ እንዴ?» አለች እያለከለከች።

«አለቀ።»

«ውይ፣ አመለጠኝ! ልጆቹ ተረፉ?»

«ተረፉ።»

«ተመስገን! በይ እንግዲያው አንድ እንጫወት» አለች ኤሊ። ንግግሯን ሳትጨርስ ሦስት ጥቁር ጠጠር ከቦታ ቦታቸው አኑራ ነበር። ከዚያ ድንገት ትዝ ብሏት ቀና አለች። «ማን አሸነፈ ግን?»

ሽኮኮ ሦስቱን ጠጠሮች አየቻቸው።

«ያሸነፍኩት እኔ ነኝ፣ እትዬ ኤሊ» አለች። «የተሸነፈ ግን የለም።»