የሚጫረተኝ ያጣሁበት ኮመዲኖ

በሰፈሩ መወደድን የማይመኝ ሰው የለም። እኔም እመኝ ነበር። እናንተም የምትሳሱለት ዕቃ ጨረታ ላይ እስኪወጣባችሁ ድረስ ተመኙ፣ ግድ የለም።

አባቴ ጭሮ ውስጥ የአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ሠራተኛ ነበር። ከወንበሩ ኋላ ባለ አራት መሳቢያ የማሆጋኒ ኮመዲኖ ቆሟል፤ ማን እንዳመጣው የሚያስታውስ የለም፣ ከሕንፃው ራሱ ይቀድማል ይባላል። ሦስቱ መሳቢያዎች የመንግሥት ነበሩ። የታችኛው ግን ስለሚጣበቅ ለማንም አይከፈትም፤ አባቴ ብቻ በጉልበቱ ገፋ፣ በእጁ ቀና ሲያደርገው ሲጥ ብሎ ይከፈታል። ውስጡ በወረቀት የተጠቀለለ ለውዝ አለ፣ ከትምህርት ቤት ስመለስ የምበላው። አባቴ ካረፈ ስድስት ዓመቱ ነው። ፎቶው ቤቴ ተሰቅሏል፤ ፎቶ ግን ሲጥ አይልም። ናፍቆኛል፣ ሌላ ምን እላለሁ?

ባለፈው ዓመት መሥሪያ ቤቱ አሮጌ ዕቃዎቹን በሐራጅ ሊሸጥ ማስታወቂያ ለጠፈ። ኮመዲኖው ከተሰባበሩት ወንበሮች ቀጥሎ ተጽፏል። ስሮጥ ሄጄ ለሐጂ ዩሱፍ ነገርኩ። ጫት ነጋዴ ናቸው፣ የአባቴ የልብ ወዳጅ። ስህተቴ ይኸው ነው፤ እሳቸው ደግሞ ለሰፈሩ ሁሉ ነገሩ።

በጨረታው ቀን ሰዉ ለእነዚያ ወንበሮች ሲሻማ ቆየ። ተራው የኮመዲኖው ሲሆን እጄን አነሳሁ።

«ሌላስ?» አለ የጨረታ ኮሚቴው ሰብሳቢ።

ጠዋት ሙሉ እንጨቱን ሲደባብስ የነበረው አናጺ ሰማይ ሰማዩን ያያል። የቀረውም እጁን ኪሱ ከቷል። ሐጂ ደስ ብሏቸው ዞር አሉ። «የአባቷ ነው! ማን ደፍሮ ይጨምርባታል?»

«አንድ ሰው ብቻውን ጨረታ አይሆንም፤ ተሰርዟል» አለ ሰብሳቢው።

ለሁለተኛው ዙር በየቤቱ እየዞርኩ «እባካችሁ ተጫረቱኝ» ብዬ ለመንኩ። አናጺው ተቀየመኝ። «አቦ፣ እንደዚህ ነው የምታስቢኝ?» ሐጂን «ለማስመሰል እንኳ እጅዎን ያንሱልኝ» አልኳቸው።

«ልጄ፣ ላይገዙ ዋጋ መጨመር ሐራም ነው ወላሂ» አሉኝ።

እውነታቸውን ነው። ሁለተኛውም ተሰረዘ። የዚያን ቀን ዘበኛውን አስፈቅጄ መጋዘን ገባሁና የታችኛውን መሳቢያ በጉልበቴ ገፋሁ፣ በእጄ ቀና አደረግኩ። አልተከፈተም። ደጋግሜ ሞከርኩ። ዘበኛው እንባዬን እንዳላየ ሆኖ ወጣ። ኮመዲኖውን ቤቴ ወስጄ፣ ዓመትም ቢፈጅ፣ አከፋፈቱን መማር እፈልግ ነበር።

በመጨረሻ ያልተሸጡት ዕቃዎች ሚኤሶ ተወስደው እዚያ ይሸጣሉ ተባለ። እልል ልል ምንም አልቀረኝም! ሚኤሶ የሚያውቀኝ፣ የሚያከብረኝ አንድ ሰው የለም። በማለዳ መናኸሪያ ሄጄ የሚኒባሱን በር ብከፍት ሐጂ ዩሱፍ፣ አናጺውና ግማሹ ሰፈር ተደርድረው ተቀምጠዋል።

«ብቻሽን ልንሰድሽ ኖሯል?» አሉ ሐጂ ስልካቸውን እያሳዩኝ። «አይዞሽ፣ ሚኤሶ ላለው ዘመዴ ሁሉ ደውያለሁ። አንድ ሰው እጁን አያነሳብሽም፣ ኢንሻአላህ።»

አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ከኪሳቸው በወረቀት የተጠቀለለ ነገር አውጥተው መዳፌ ላይ አደረጉልኝ። ለውዝ ነው።

«አባትሽ ያስቀምጥልሽ ነበር» አሉ።

እሱን እየበላሁ፣ እንደሚሰረዝ ወደማውቀው ጨረታ ሄድኩ።