ጋሼ መኪና ሊመልሱ ነው

የሰው ልጅ ከመግዛቱ በፊት የሚያስብ እና ከገዛ በኋላ የሚያስብ ተብሎ ለሁለት ይከፈላል። አጎቴ ጋሼ የሁለተኛው ወገን ሊቀ መንበር ናቸው። ሲገዙ ብታዩአቸው ልበ ሙሉ ናቸው፤ ይመርጣሉ፣ ይስማማሉ፣ እጅ ይጨብጣሉ። ዕቃው ቤት ገብቶ ገና ቦታውን ሳይዝ ግን አገጫቸውን ማሻሸት ይጀምራሉ። «ቆይ እስቲ፣ ቸኮልን መሰለኝ» ይላሉ። በቃ፣ ያ ዕቃ ወደ መጣበት ይመለሳል።

ጫማ ሻጩ ከሩቅ ሲያያቸው ባዶ ካርቶን አዘጋጅቶ ይጠብቃቸዋል። ቁም ሳጥን መልሰዋል። ተሰቅሎ የዋለ መጋረጃ አውርደው መልሰዋል። አንድ ቀን ጸጉራቸውን ተቆርጠው መጡና መስታወት ፊት ቆመው «ቸኮልን መሰለኝ» ሲሉ ሰማኋቸው፤ ያን ዕለት ጸጉር አስተካካዩን እግዜር ነው ያተረፈው።

እንግዲህ እኚህ ሰው መኪና ገዙ። የገዙት ለባለቤታቸው ለእትዬ ነው። እትዬ ጉልበታቸውን ካመማቸው ወዲህ አውቶቡስ መሳፈር አቅቷቸው ከቤት አይወጡም፤ ከተማው ማዶ ያለችውን እህታቸውን እንኳ የሚያገኟት በስልክ ብቻ ነው። ሻጩ መድኃኒት ቤት ያለው፣ ረጋ ያለ ሰው ነው። ውሉ ላይ እሱ ፈረመ፣ ጋሼ ፈረሙ፣ እኔም በምስክርነት ፈረምኩ። ቁልፉን ተቀብለን የመጀመሪያውን መታጠፊያ ሳናልፍ እጃቸው ወደ አገጫቸው ሄደ።

«ቆይ እስቲ...»

«ጋሼ፣ ፈርመዋል እኮ!»

«ብፈርምስ? ጫማ ይመለስ የለም እንዴ?»

ቀጥታ ጎረቤታችን ጠበቃው ዘንድ ሄድን። ውሉን አነበበና መነጽሩን አወለቀ። «ስለተጸጸቱ ብቻ ውል አይፈርስም፣ ጋሼ። ወይ ሻጩ ራሱ በፈቃዱ ይስማማ፣ ወይ የደበቀዎት ጉድለት ይገኝ።»

ጋሼ ከዚህ ሁሉ የሰሙት «ጉድለት» የምትለዋን ብቻ ነው።

ፍለጋው በማግስቱ ተጀመረ። የጋሼ ጆሮ ትንሽ ከበድ ስለሚል ሞተሩን የሚያዳምጥ ሰው አስፈለገ፤ እትዬ ደግሞ ጎረቤት ቤት ማንኪያ ሲወድቅ የሚሰሙ ሴት ናቸው። ትራስ ተደርጎላቸው ከፊት ተቀመጡ። እኔ ምስክር ነኝና ከኋላ። ኮረኮንች ላይ ተንገጫገጭን፣ ዳገት ወጣን፣ ቁልቁለት ወረድን።

«ምን ይሰማሻል?»

«ምንም። ያ ዛፍ ግን እንዴት አድጓል!»

«ስለ ዛፍ ማን ጠየቀሽ?»

ረጅም መንገድ ላይ ብቻ የሚሰማ የብልሽት ድምፅ ይኖራል ተባለና እስከ እትዬ እህት ቤት ተነዳ። እህትማማቾቹ በር ላይ ተቃቅፈው ሲላቀሱ ጋሼ ኮፈኑን ከፍተው ሞተሩ ውስጥ ተደፍተው ነበር። በማግስቱም ሄድን፤ ትናንት ሞተሩ በደንብ ስላልሞቀ ይሆናል ብለው። ከዚያ መካኒክ ጋ ወሰድናት፤ ከሥር ገብቶ ሲያያት ቆየና «ይቺ መኪና ከእርስዎም ከእኔም ጤነኛ ናት» ብሎ ሸኘን። ጋሼ ተሰድቦ እንደወጣ ሰው ቀኑን ሙሉ አኮረፉ።

ጉድለት ሲጠፋ ፈቃድ ይጠየቅ ተባለ። መድኃኒት ቤቱ ድረስ ሄደው ሰውዬውን ለመኑት፣ እሱም «ላስብበት» አለ። ቅዳሜ ጠዋት በራችን ላይ ከች አለ።

«ጋሼ፣ ልብዎ ካልወደዳት እኔ ሰው አላስጨንቅም። ውሉ ይፍረስና መኪናዬን ልውሰድ፣ ገንዘብዎም ይመለስልዎ።»

እትዬ ለባብሰው፣ ቦርሳቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ከፊት ወንበር ተቀምጠው ነበር። በሩን ከፈቱ፣ አንድ እግራቸውን በሁለት እጃቸው ደግፈው አወረዱ፣ ከዚያ ከሥራቸው ያለውን ትራስ ጎተቱ።

«እንግዲህ ትራሴን ላውጣ» አሉ።

ጋሼ አገጫቸውን አሻሹ። ብዙ አሻሹ። ከዚያ ወደ ሰውዬው ዞሩ።

«አንተ ሰው፣ ፈርመህ የለም እንዴ?»

«ፈርሜያለሁ፤ ግን እርስዎ ራስዎ...»

«የፈረመ ሰው ይጸጸታል? ነውር አይደለም? ምስክር ያለበት ውል እኮ ነው!» ጣታቸውን ወደ እኔ ቀሰሩ። «ተናገር እንጂ!»

«ፈርሟል» አልኩ ሳቄን ውጬ።

ሰውዬው ሊያስረዳ ጀመረ። ጋሼ ግን ለሱ ጊዜ አልነበራቸውም፤ መኪናዋ አጠገብ በርከክ ብለው የእትዬን እግር ቀስ አድርገው ወደ ውስጥ እየመለሱ ነበር። እንዲህ ያለውን ሰው እንዴት አልወድም? ከልቤ ነው የምወዳቸው።

«ምን ታለቅሻለሽ?» አሏቸው እየተቆጡ። «ያንን ድምፅ ገና አላገኘነውም። ዛሬም እህትሽ ጋ መሄዳችን ነው።»

ያ ድምፅ እስከ ዛሬ አልተገኘም። ዕድሜ ይስጣቸውና ሲፈልጉት ይኑሩ።