የይፋጉ ሊቀ ነፋሳት

በየአገሩ አንድ ሰው አለ፤ እግሩ የማያርፍ፣ የሰው ማሳ እንቅልፍ የሚነሳው። እንዲህ ያለ ሰው የሌለበት ቀበሌ ገና አልተቆረቆረም። በደርግ ጊዜ ለይፋግ የደረሳት ጎረቤቴ ዳኘው ነበር፤ እኔ ማዕረግ ጨምሬ «ሊቀ ነፋሳት ዳኘው» እለዋለሁ።

ዳኘው ባሕር ዳር የገበሬዎች ሥልጠና ተካፍሎ ከተመለሰ ወዲህ መቀመጥ አቃተው። ውሃ በቋጠረ አፈር ላይ የተበተነ ማዳበሪያ ሰብሉን ትቶ፣ ሽታም መልክም የሌለው አየር ሆኖ እንደሚያመልጥ ሰምቷል። ከዚያ ወዲያ ቀብር ላይ ቆሞ እንኳ ዓይኑ ከአጥሩ ማዶ ካለው ማሳ ላይ ነው። ሐሙሲት ገበያ ሲሄድ በመንገዱ ያገኘውን ገበሬ ሁሉ «ሰማይ እየቀለብህ ነው!» እያለ ስለሚያስቆም፣ የሚደርሰው ገበያው ሲበተን ነው።

«አባቶቻችን በፍግ ሲያርሱ ምድር በቀስታ ነበር የምትተነፍሰው» ይላል። «ይኸ የማዳበሪያ ጆንያ ከመጣ ወዲህ ግን፣ ከዚህ እስከ ዓባይ ድልድይ፣ ትንፋሿ ዓመት ከዓመት እየባሰ ነው። ሐኪሞች ይህንኑ አየር ለበሽተኛ ያስሸትቱታል አሉ፤ ያስቃል።»

«ታዲያ ይፋግ በዚህ ሁሉ ጆንያ ሳቅ በሳቅ ያልሆነችው ምነው?» አለችው ባለቤቴ የሺአረግ።

እሱ አልሳቀም።

አንድ ነሐሴ ለአረምና ለማዳበሪያ ደቦ ጠራሁ። ጤፌ ቢጫ ሆኗል። ገበሬ ማኅበሩ የሰጠኝ ማዳበሪያ አንድ ጆንያ ብቻ ነው፤ እሱ ከባከነ የዓመት ቀለባችን አብሮ ይሄዳል። ዝናቡ ግን ሲወርድ አድሮ ማሳውን ረግረግ አድርጎታል። ጠላው ተጠምቋል፣ ሰው ተሰብስቧል፤ ደቦ ጠርቶ ያለ ሥራ መመለስ ደግሞ በእኛ አገር ውርደት ነው።

ዳኘው ከየት እንደመጣ እንጃ፣ መጥቶ ጆንያው ላይ ተቀመጠ።

«ተነሥ፣ አንተ ሰው!»

«አንተ ትሙት ሣህሉ፣ ውሃው ሳይወጣ አልነሣም!»

«ደቦው ታዲያ ምን ይሥራ?»

«ፈሰስ ያውጣ፤ ውሃው የሚወርድበት ቦይ ይቅደድ!»

ሰዉ ሳቀ፤ እኔ ተናደድሁ። ቢሆንም ቀኑን ሙሉ ፈሰስ ስናወጣ ዋልን፤ ውሃው በቦዩ ወረደ። አፈሩ ሲጠነፍፍ ማዳበሪያውን በተንሁ።

ጤፌ ማገገም ሲጀምር ዳኘውን ላመሰግን ወደ ማሳው ወረድሁ። እሱ የለም፤ የሰው ማሳ ሲዞር ውሏል። የራሱ ጤፍ ውሃ ውስጥ ተኝቷል።

በማግስቱ ያንኑ ደቦ ይዤ ገባሁበት። ሥራውን ሳናጋምስ ዳኘው እየሮጠ ደረሰ። ይመርቀናል ብለን ቀና አልን።

«ጠማማ ነው! ይህን ፈሰስ ማን አወጣው?»

«እኔ» አልሁ።

«ድፈነው!»

ሌላ ሰው ቢሆን ዶማዬን ጥዬለት እሄድ ነበር። ደፈንሁትና ሌላ፣ ቀጥ ያለ አወጣሁለት።