ነነዌ ሐሙስ የዋለችበት ዓመት

በእኛ አገር ለመርሳትም ዕድሜ ያስፈልጋል። ሰማንያ የሞላው ሰው የልጁን ስም ቢረሳ «ሸምግሎ ነው» ይባልና ጋቢው ይስተካከልለታል። ሃያ ዓመት የሞላው ቢረሳ «ልቡ ሌላ ቦታ ነው» ተብሎ ይሳቅበታል፤ ዕድለኛ ከሆነም ሽማግሌ ይላክለታል። እንደ እኔ አርባ ሰባት የሞላው ሰው ሲረሳ ግን ሰበብ የሚሆነው ነገር የለም። «ሆነ ብሎ ነው» ይባላል፤ በቃ።

ደግነቱ ሰላምታችን ረጅም ነው። ዓርብ ገበያ መሐል ስሙ የጠፋባችሁ ሰው ቢገጥማችሁ አትደንግጡ። «እንዴት ከረምህ፣ ቤተሰቡ፣ ከብቱ፣ አዝመራው፣ ያ የታመመው በሬስ ዳነልህ?» እያላችሁ ግማሽ ሰዓት ተጫውታችሁ፣ ተሳስማችሁ፣ ተመራርቃችሁ ልትለያዩ ትችላላችሁ። ስም የሚጠይቃችሁ የለም። በሬ ታሞበት የማያውቅ ገበሬ ስለሌለም አትሳሳቱም። እኔ በዚህ ዘዴ ስንቱን አልፌዋለሁ። ታላቅ ወንድሜ ደግሞ በዚሁ ዘዴ ሁለት ዓመት ሙሉ በሽታቸውን ደብቀውበታል።

ወንድሜ መሪጌታ ይሄይስ ይባላሉ። የሚበልጡኝ በሰባት ዓመት ብቻ ነው። በልጅነታችን የጎረቤት ባቄላ እሸት አብረን ሰርቀን አብረን ተገርፈናል። ቤተ ልሔም በሚባለው የድጓ ትምህርት ቤት ዓመታት ተቀምጠው፣ ድጓ አስመስክረው፣ ሻሽ ጠምጥመው ከተመለሱ ወዲህ ግን አንቱ እላቸዋለሁ። እሸቱን ሁለታችንም አንስተነው አናውቅም።

በደብራችን መስከረም አንድ ቀን ከቅዳሴ በኋላ የዓመቱን ጾምና በዓል የሚያውጁት እሳቸው ናቸው። ወረቀት አይዙም። ግራ እጃቸውን ዘርግተው፣ በጣታቸው አንጓ እየቆጠሩ፣ ባሕረ ሐሳብ የሚባለውን የአባቶች ቀመር እየደመሩና እየገደፉ፣ ነነዌ መቼ እንደምትገባ፣ ዐቢይ ጾም መቼ እንደሚያዝ፣ ፋሲካ መቼ እንደሚውል ይናገራሉ። ሕዝቡም ከዓመቱ እስከ ዓመቱ ሰርጉንና ክርስትናውን በዚያ ይቆርጣል። እኔ፣ እንዳታሙኝ እንጂ፣ የሒሳብ መምህር ነኝ። ሰባተኛና ስምንተኛ ክፍል አስተምራለሁ። የነነዌን ቀን የማየው ግን ስልኬ ላይ ነበር።

የዛሬ ሁለት ዓመት ነው። እንደ ወትሮው ቆሙ፣ ጣታቸውን ዘረጉ፣ ቆጠሩ። ከዚያም ጮክ ባለ ድምፃቸው «ነነዌ ሐሙስ ትገባለች» አሉ።

ይህ ምን ማለት እንደሆነ ለማያውቅ ልንገር። ነነዌ ከሰኞ አትወጣም። ስቅለት ከዓርብ፣ ፋሲካ ከእሑድ እንደማይወጡ ሁሉ ነነዌም ከዓመት ዓመት ሰኞ ነው የምትገባው። ይህን ከብት ጠባቂም፣ ባልቴትም፣ የዓመቱን ጾም በሙሉ በሆዱ የሚሽር ሰውም ያውቀዋል። ከሴቶች በኩል አንዲት አሮጊት «ምነው፣ ዓሣው ዮናስን ሐሙስ ነው እንዴ የዋጠው?» አሉ። አስተዳዳሪው ቄስ ብልህ ሰው ናቸውና ፈጥነው «መሪጌታ እየፈተኑን ነው፤ ነቅተን መስማታችንን ሊያዩ ነው» ብለው ሳቁ። ሕዝቡም እፎይ ብሎ ሳቀ። እንዲህ ዓይነት ውሸት ከቅዳሴ በኋላም ይቅር የሚባል ይመስለኛል።

ወንድሜ አልሳቁም። ወደ ቤት ስንሄድ መቋሚያቸውን ተደግፈው መንገድ ላይ ቆሙና «ታከለ፣ አልፈተንኋቸውም» አሉኝ።

ያን ጊዜ አባታችን ትዝ አሉኝ። አባታችን በሃምሳ ስድስት ዓመታቸው በሬዎቻቸውን ጠምደው ወጥተው፣ የራሳቸውን ማሳ ትተው የጎረቤት ማሳ ሲያርሱ ዋሉ። አገሩ «ደግ ሰው» ብሎ መረቃቸው። እኛም ኮራን። በሁለተኛው ዓመት እናታችንን «የማን ቤት እንግዳ ነሽ?» ሲሏቸው ነው ደግነት እንዳልነበረ የገባን። ወንድሜ ደግሞ ያን ዕለት ሃምሳ ሁለት ዓመታቸው ነበር። እኔ ከኋላ እየመጣሁ ነው። ፈራሁ፤ ምን እሸሽጋችኋለሁ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ታውቁታላችሁ፤ በየቤታችሁ የደረሰ ነው። አንዱ ዓይነ ጥላ ነው አለ። አንዱ የቀና ደብተራ ነው አለ። ሌላው ትምህርቱ በዝቶ አናታቸው ላይ ወጥቶ ነው ብሎ፣ የራሱን ልጅ ሰባተኛ ክፍል ላይ እንደሚያስቆም ነገረኝ። ጠበል ተጠመቁ። ባሕር ዳር ድረስም ሄድን። ሐኪሟ መርምራ፣ ጠይቃ፣ የጭንቅላታቸውን ፎቶ አይታ፣ ይህ የመርሳት በሽታ ብዙውን ጊዜ በሽምግልና ቢመጣም አንዳንድ ሰው ላይ እንዲህ ቀድሞ እንደሚመጣ፣ መድኃኒቱ ጥቂት ሊያግዝ ቢችልም እንደማያድን ነገረችን። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል። እኛ ገልጠነውም የለውም ተባልን።

ሚስታቸው እትዬ ጠጄ ከዚህ በኋላ ቤታቸው አርፈው ይቀመጡልኝ አሉ። የሰበካው ሽማግሌዎችም በአክብሮት መጥተው፣ ለመጪው ዓመት ከታተመው አቆጣጠር አንድ ዲያቆን ያንብብልን፣ እርስዎ ተቀምጠው ይባርኩን አሉ። ወንድሜ ሁሉንም ሰሙ። ሲጨርሱ «ከርሞም ቆሜ አውጃለሁ» አሉ። «ከጎኔ ታከለ ይቆማል። ብስት ይመልሰኛል።»

እኔ ሳቄ መጣ። ከዚያ ማንም እንዳልሳቀ አየሁ።

ሽማግሌዎቹ ሲወጡ ወንድሜን ልለምናቸው ሞከርሁ። በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል አይደል የሚባለው? መጽሐፉ አለ፤ ስልኩም አለ አልኋቸው። «ስልኩ ያውቃል» አሉኝ። «አንተ ግን አታውቅም። እኔ በእጄ ተቀብያለሁ፤ በእጄ ሳላስረክብ አልተኛም።»

እንግዲህ በአርባ አምስት ዓመቴ ተማሪ ሆንሁ። እሑድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ከወይራው ሥር እንቀመጣለን። ነገሩ ለሒሳብ መምህር ከባድ አይደለም፤ መደመርና መግደፍ፣ ማለትም ሠላሳ በሞላ ቁጥር መጣል ነው። መጥቅዕ የሚባል ቁጥር ይወጣል፤ ቁጥሩ የሚያርፍበት የመስከረም ወይም የጥቅምት ቀን በምን ዕለት እንደዋለ ይታያል፤ ለየዕለቱ የተመደበ ቁጥር አለና እሱ ሲደመር ነነዌ የምትገባበት ቀን ይወጣል። የቅዳሜ ስምንት፣ የእሑድ ሰባት፣ የሰኞ ስድስት እያለ እስከ ዓርብ ሁለት ይወርዳል። ሕፃን የሚይዘው ነገር ነው። እኔ ግን መያዝ አቃተኝ። እሑድ የያዝሁት ማክሰኞ ላይ የለም። የሰኞውን ለረቡዕ፣ የረቡዑን ለቅዳሜ እሰጣለሁ። ነነዌን ማክሰኞ አስገባሁ፣ ዓርብ አስገባሁ፤ አንድ ጊዜማ ፋሲካን ረቡዕ አውዬ ወንድሜ አማተቡ።

«ከእኔና ከአንተ» አሉኝ ያን ቀን፣ «ባሕር ዳር የሄደው በሽተኛ ማንኛችን ነበር?»

እሳቸው ሳቁ። እኔ ግን እንቅልፍ አጣሁ። መነጽሬን ግንባሬ ላይ ሰቅዬ ስፈልግ፣ ክፍል ገብቼ ለምን እንደገባሁ ሲጠፋኝ፣ የአባታችን በሬዎች ወደ እኔ ሲመጡ ይታየኝ ነበር። ወንድሜን ለክትትል ስወስድ ቀስ ብዬ ሐኪሟን እኔንም መርምሪኝ አልኋት። መረመረችኝ። ለወደፊቱ ማንም ማረጋገጫ ሊሰጠኝ እንደማይችል፣ ለጊዜው ግን ደህና እንደሆንሁ ነገረችኝ። ታዲያ ለምን እረሳለሁ አልሁ። ስታስተምር የተማሪህን ስም ትጠይቃለህ ወይስ ቁጥሩን ብላ መልሳ ጠየቀችኝ። መጀመሪያ ያልያዝኸውን አልረሳኸውም አለችኝ። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ተማሪዎቼን በተራ ቁጥር ስጠራ እንደኖርሁ ማን እንደነገራት አላውቅም።

በዚያ ዓመት ወንድሜ ከቤታቸው እስከ ደብሩ፣ ተወልደው ያደጉበት መንገድ ላይ፣ ሁለት ጊዜ ጠፉ። እንደ ሌላ ሰው አልተሸሸጉም። ኖራ በጥብጠው በየመታጠፊያው ያለውን ድንጋይ ነጭ ቀቡት። ያገኛቸው ሰው ምን እየሠሩ ነው ሲላቸው «መንገዱ እንዳይረሳኝ ነው» ይላሉ። ስሙ የጠፋባቸውን ሰው በሬህ እንዴት ነው ብለው ማለፉን ተውት። «ስምህ ጠፍቶብኛል፤ ንገረኝ» ይላሉ። ሰውም መጀመሪያ ይደነግጥ ነበር፣ በኋላ ለመደው። እንዲያውም የሌላው ሰው ስም የጠፋበት ሁሉ ደፍሮ መጠየቅ ጀመረ። ስንታችን እየተዋወቅን ሃያ ዓመት ስም ሳናውቅ እንደኖርን ያን ጊዜ ታየ።

መስከረም አንድ ደረሰ። ቅዳሴው አለቀ። ወንድሜ ቆሙ፤ እኔ በቀኛቸው ቆምሁ። ከሕዝቡ ያለወትሮው አንድም ሰው አልሄደም። እትዬ ጠጄ ከሴቶች በኩል ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው ይታዩኛል። ወንድሜ ግራ እጃቸውን ዘረጉ። ዘመኑን አሉ፣ ወንጌላዊውን አሉ፣ መጥቅዑን አወጡ። የመጥቅዑ ዕለት ማክሰኞ ነው አሉ። ከዚያ አውራ ጣታቸው አንጓው ላይ ቀረ።

ወደ እኔ ዞሩ። የማክሰኞው ቁጥር የኔ ተራ ነበር፤ ለዚህ ነው ዓመቱን ሙሉ የተማርሁት። አፌን ከፈትሁ። ምንም የለም። ስድስት ነው? አራት ነው? ያ ሁሉ ሕዝብ የሚያየው በሽተኛውን ነበር፤ የጠፋበት ግን ጤነኛው ነበር።

ወንድሜ ዓይኔን አዩት። ባቄላው ማሳ ውስጥ ሰው ሲመጣብን እንደሚያዩኝ ነበር ያዩኝ። ፈገግ አሉ። እጄን ያዙና ጣቶቼን አንድ በአንድ ዘረጓቸው፤ አውራ ጣቴን ጨምሮ።

«አምስት» አሉ ለሕዝቡ። ደመሩ፣ ገደፉ፣ ነነዌን አወጁ። ሰው ሁሉ በየጣቱ ሲቆጥር አየሁ። ሰኞ። አሮጊቷ እልል አሉ፤ ቅጽሩ ተከተላቸው።

ወደ ቤት ስንሄድ ሁለተኛው ነጭ ድንጋይ ጋ ቆሙ። ፊታቸው ላይ ያለው ፈገግታ አልጠፋም፤ ግን የምን እንደሆነ ጠፍቷቸዋል።

«ታከለ፣ ዛሬ ያወጀው ማንኛችን ነው? እኔ ነኝ ወይስ አንተ?»

«አንቱ ነዎት» አልኋቸው።

«ሰኞ ዋለች?»

«ሰኞ ዋለች።»

«እንግዲያው የከርሞውን ከመጀመሪያው አንተ ጀምር» አሉኝ። «እኔ ከጎንህ እቆማለሁ። ማን እንደሆንህ ቢጠፋኝም እቆማለሁ።»

አለቀስሁ። ከዚያም ጀመርሁ። አሁን ጠዋት ጠዋት ተነሥቼ ፊቴን ሳልታጠብ ጣቶቼን እዘረጋለሁ። ለማላውቀው ለመጪው ዓመት፣ ለዚያም ለሚቀጥለው እቆጥራለሁ። አንዳንድ ቀን ነነዌ ማክሰኞ ትውልብኛለች፤ ጣቶቼን አጥፌ ከመጀመሪያው እጀምራለሁ። ትምህርት ቤት ስደርስ አርባ አምስት ተማሪ በየስሙ እጠራለሁ። የጠፋኝን ንገረኝ እላለሁ። የአባታችን በሬዎች ይመጡ ይሆናል፤ አላውቅም። ቢመጡ ሥራ ላይ ነው የሚያገኙኝ።

ዛሬም ይህን ከመጻፌ በፊት ቆጠርሁ። ሰኞ ዋለች።