ወንዝ የተጠጋው ማን ነው?

እኔን የሚያስፈራኝ ሕግ ጣሽ ሳይሆን ሕግ አክባሪ ነው። ትስቃላችሁ? ጎረቤቴን ጋሼ ሎምባሞን ስላላወቃችሁ ነው!

ከሆሳዕና ወጣ ብሎ ባለው የሌሞ ቀበሌያችን፣ ከጅረት በሠላሳ እርምጃ ውስጥ ባህር ዛፍ እንዳይኖር ደንብ ወጣ። ያረቀቅኩት እኔ መምህሩ ነኝ። ለምን ሠላሳ? የእኔ ባህር ዛፎች ሠላሳ አንደኛው ላይ ስለቆሙ ነዋ! የጋሼ ሎምባሞ ግን ሲለኩ ዘጠኝ እርምጃ ላይ ተገኙ።

«ጋሼ፣ መራቅ አለባቸው» አልኳቸው።

«ደንብ ከሆነማ ይራቃሉ» አሉ፣ አንገታቸውን ደፍተው።

ቅዳሜ ቦይ የሚቆፈርበት ደቦ ጠሩ። ዶማዬን ይዤ ከሰው ሁሉ ቀድሜ ደረስኩ። ቦዩ ወዴት እንደሚያመራ ማን ይጠይቅ? አፋችን በቆጮና በአይብ ተይዟል። በቁፋሮ አንደኛ ተብዬ ተመረቅኩ።

ሰኞ ጠዋት ስነሳ ጅረቱ የጋሼ ሎምባሞን ባህር ዛፎች ትቶ በእኔ አጥር ሥር ይፈሳል።

ጋሼ ሎምባሞ የቀበሌውን ኮሚቴ አስከትለው፣ እርምጃ እየቆጠሩ መጡ። አምስት ላይ ሲደርሱ ከባህር ዛፎቼ ጋር ተላተሙ።

«አይ መምህር!» አሉ ከልባቸው አዝነው። «ደንቡን ራስህ ጽፈህ ወንዝ ትጠጋለህ?»