የክት ጫማ በሩጫ ቀን

እኛ ሰዎች አዲስ ነገር ቶሎ መልበስ አይሆንልንም። አዲስ ከሆነ የክት ነው፤ የክት ደግሞ ቀኑን ይጠብቃል። ነጠላው ለጥምቀት፣ ኮቱ ለሠርግ። ነጠላም ሆነ ኮት በመቆየቱ ማንንም አቁስሎ አያውቅም። ጫማ፣ ያውም የሩጫ ጫማ ከሆነ ግን ተረከዝ ይልጣል።

ፍኖተ ሰላም ውስጥ ማለዳ ከሚሮጡ ወጣቶች ኋላ የሚያዘግም ጸጉሩ የሸበተ መምህር ካያችሁ፣ እኔ ነኝ። ሐኪም ለደም ግፊትህ ሩጥ ብሎኝ ነው። ወጣቶቹን ሳልጠየቅ እመክራቸዋለሁ፦ ጥፍራችሁን ቁረጡ፤ እርጥብ ካልሲ አታጥልቁ፤ ጠጠሩን አራግፉ፤ ከሁሉ በላይ አዲስ ጫማ ለውድድር ቀን አታቆዩ፣ ሁለት ሦስት ሳምንት ተለማመዱበት። ምከረው ምከረው፣ እንቢ ካለ መከራ ይምከረው ይባላል። እኔን ግን ማንም ሳይመክረኝ መከራው ቀደመ።

ቡሬ ተማሪ ሳለሁ ለዞን ውድድር ተመረጥሁ። እስከ ሦስተኛ የወጣ ባሕር ዳር ይሄዳል፤ እኔ ደግሞ ባሕር ዳርን አይቼ አላውቅም። አባቴ ይህን ሲሰሙ ነጭ ሸራ ጫማ ገዙልኝ። አንዴ ለካሁት። «በል አውልቅ፣ ለቀኑ ነው» አሉና ቆጥ ላይ አኖሩት። ወሩን ሙሉ በአሮጌው ሮጥሁ። በቀኑ አቧራ እንዳይነካው በጋቢያቸው ጠቅልለው እስከ ፍኖተ ሰላም ራሳቸው ይዘውት መጡ።

ሦስተኛው ዙር ላይ ተረከዜ ውሃ ቋጠረ፤ ስድስተኛው ላይ ፈነዳ። አውልቄ ብጥለው ከፊቴ ያሉትን እንደምቀድማቸው አውቃለሁ። ግን በየዙሩ አባቴ ፊት አልፋለሁ፤ እሳቸው ደግሞ አጠገባቸው ለቆመ ሁሉ የሚያሳዩት እግሬን ነው። እንዴት ብዬ ላውልቀው? አራተኛ ወጣሁ።

ስንመለስ አውቶቡስ ውስጥ ደም የነካውን ጫማ ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ «አምሮብህ ነበር» አሉኝ። ስለ ባሕር ዳር አንድም ቃል አላነሡም። ዛሬ በሕይወት የሉም፤ በጣም ይናፍቁኛል።

ባለፈው ፋሲካ ልጄ ከምትሠራበት ከባሕር ዳር የሩጫ ጫማ አመጣችልኝ። የት እንዳስቀመጥሁት አትጠይቁኝ። ቁም ሣጥን ላይ፣ ከነካርቶኑ። ባለፈው እሑድ በከተማችን በተደረገው ሩጫ ልታየኝ መጣች። ካርቶኑን ስትከፍተው ጫማው እንዳለ ነው።

«አልወደድከውም እንዴ?» አለችኝ፤ ፊቷ ጨለመ።

ምን ልበላት? ለዛሬ ቀን ብዬ ነው እኮ ብዬ አጠለቅሁት።

አጋማሹ ላይ የማውቀው ሕመም ተረከዜን ያዘኝ። መንገድ ዳር ልጄ ቆማለች፤ ለጎረቤቶቼ እግሬን ታሳያለች። አላነከስሁም። ስጨርስ ሮጣ መጥታ አቀፈችኝና፣ «አባዬ፣ አምሮብሃል» አለችኝ።

ለወጣቶቹ የምሰጠው ምክር አሁንም ያው ነው። እኔ ግን እስከ መናኸሪያ ሸኘኋት፤ ጫማውን ያወለቅሁት አውቶቡሱ ከታጠፈ በኋላ ነው።